አንድ ጎራሹ ሬሚንግተን፦ ከኒውዮርክ የዒላማ ሜዳ እስከ ጉራ

ፐብጂ የምትጫወቱ ልጆች ይህችን ነገር በደንብ ታውቋታላችሁ። ስናይፐር ይዛችሁ አንዴ ተኩሳችሁ ከሳታችሁ፣ እንደገና እስክታቀባብሉ ድረስ ሰውየው ያገኛችኋል። ያም ሆኖ ካዝናው ውስጥ ሌላ ጥይት አለላችሁ። አሁን ደግሞ ካዝና የሚባል ነገር ጭራሽ የሌለው ጠመንጃ አስቡ። አንዲት ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ አለቀ። ሌላ ከፈለጋችሁ ከዝናራችሁ መዝዛችሁ፣ በእጃችሁ እንደገና ማጉረስ ነው።

እንዲህ ያለውን አንድ ጎራሽ፣ ያውም መቶ ዓመት የዘለለውን፣ በሺዎች ዶላር የሚገዙ ሰዎች አሉ። በጣም ብርቅ የሆነው ከተገኘ ደግሞ ዋጋው አስር ሺህን ያልፋል። አብዛኞቹ ገዢዎች አሜሪካ ውስጥ ናቸው። የሚያድኑት ለጦር ሜዳ የተሠራውን አይደለም፤ ለዒላማ ውድድር ተብሎ በልኩ፣ በእጅ ሥራ፣ በጥቂት ቁጥር የተሠራውን ነው።

“ታዲያ የፈረንጅ ቅንጦት እኛን ምን አገባን?” የሚል አይጠፋም። ያገባናል። ከእነዚህ ውድ የዒላማ ጠመንጃዎች ውስጥ ዝነኛ የሆነው አንዱ፣ የሆዱ ብረት ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆነ ወንድም አለው። ያ ወንድሙ ጉንደትና ጉራ ላይ በእጃችን ገብቷል። አንደኛው ዛሬ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሌላኛው እንደ ቁራጭ ብረት ሲሸጥ ከርሟል። ልዩነቱን ያመጣው ደግሞ ብረቱ ብቻ አይደለም።

ከስሙ እንጀምር። ስለ ጠመንጃ ቪዲዮ የሚያይ ሰው “6.5 ክሪድሙር” የሚባል ጥይት ሳይሰማ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ዘመናዊ ጥይት ነው። ስሙ ግን የድሮ ነው። ክሪድ የሚባል ቤተሰብ ኒውዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ እርሻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1871 የተቋቋመው ናሽናል ራይፍል አሶሴሽን፣ ዛሬ ኤንአርኤ እየተባለ በፖለቲካው የምንሰማው ማኅበር ማለት ነው፣ ያንን እርሻ የዒላማ ሜዳ አደረገው። በ1873 ተከፈተ፤ ክሪድሙር ተባለ። ሜዳው ዛሬ የለም። ቦታው ላይ ያለው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነው፤ እሱም ክሪድሙር ይባላል። ኒውዮርክ ውስጥ “ክሪድሙር ነበርኩ” ብትሉ ሰው ስለ ዒላማ የሚጠይቃችሁ እንዳይመስላችሁ።

ሜዳው በተከፈተበት ዓመት የአየርላንድ ተኳሾች እንግሊዝ ውስጥ ኤልኮ ጋሻ የተባለውን ትልቅ ውድድር አሸነፉ። አሸናፊ ሰው ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። አሜሪካኖቹን በኒውዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ላይ “ኑ ግጠሙን” አሏቸው። አሜሪካኖቹ ግን በዚያ ርቀት የሚወዳደሩበት ጠመንጃ እንኳ አልነበራቸውም። ግጥሚያው በ800፣ በ900 እና በ1,000 ያርድ ነበር። 1,000 ያርድ 914 ሜትር ነው፤ ኳስ ሜዳ በቁመቱ ብትደረድሩ ዘጠነኛው ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ቴሌስኮፕ አይፈቀድም። በባዶ ዓይን፣ በሚያጨስ ጥቁር ባሩድ፣ በእርሳስ አረር! አረሩ ከአፈሙዙ ወጥቶ ዒላማው ጋ እስኪደርስ ወደ ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል። “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ብላችሁ ቁጠሩና እዩት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ነፋሱ ሐሳቡን ይቀይራል።

ሁለት የአሜሪካ ፋብሪካዎች፣ ሬሚንግተንና ሻርፕስ፣ “እኛ እንሠራለን” ብለው ተነሡ። የሬሚንግተኑን የዒላማ ጠመንጃ ያበጀው ሉዊስ ሄፕበርን የሚባል የፋብሪካው ባለሙያ ነበር። ሠርቶ ማስረከብ ብቻ ሳይሆን ራሱም የቡድኑ አባል ሆኖ ተኮሰበት። ይቺ ነገር ደስ ትለኛለች። ዛሬ ስንቱ ነው የሠራውን ነገር ራሱ የሚጠቀምበት?

ሄፕበርን መነሻ ያደረገው ፋብሪካው ለጦር ሠራዊቶች የሚሸጠውን ጠመንጃ ነው። “ሮሊንግ ብሎክ” ይባላል፤ የሚንከባለል መዝጊያ እንደ ማለት። አሠራሩ ሕፃን ልጅ የሚገባው ነው። መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ትስባላችሁ። ከፊቱ ያለውን መዝጊያ እንደዚያው በጣት ወደ ኋላ ታንከባልላላችሁ፤ የጥይቱ ማደሪያ ይከፈታል። ጥይቷን ታጎርሳላችሁ፣ መዝጊያውን ትመልሳላችሁ፣ ምላጩን ትስባላችሁ። ብልሃቱ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። መዶሻው ወድቆ ሲመታ፣ የራሱ ሰውነት ከመዝጊያው ሥር ገብቶ እንደ ሽብልቅ ይይዘዋል። ስለዚህ ባሩዱ በገፋ ቁጥር መዝጊያው ይበልጥ ይጠብቃል። የሚሰበር ቀጭን ነገር የለውም፤ አቧራና ጭቃ አይበግረውም። ለአርሶ አደር ወታደር ከዚህ የተሻለ ነገር ማምጣት ከባድ ነበር። ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ስፔን፣ አርጀንቲና፣ ግብጽ ገዝተውታል። በድምሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

ሄፕበርን ታዲያ ይህንኑ ሆድ ወስዶ የቀረውን ቀየረው። ረዥምና የተመረጠ በርሜል፣ ጥሩ የለውዝ እንጨት ሰደፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማነጣጠሪያውን። የኋላው ማነጣጠሪያ እንደ ባለሙያ መለኪያ በቁጥር የተከፋፈለ፣ በጥቃቅን ጥርስ ከፍ ዝቅ የሚል ነው። የፊተኛው ነፋስ ማካካሻና የውኃ ልክ አለው። አዎ፣ ግንበኛ ግድግዳ ሲያቆም የሚጠቀምባት አረፋ ያለባት ውኃ ልክ፣ በትንሹ! ጠመንጃው በጣም በትንሹ እንኳ ቢያጋድል በ1,000 ያርድ ላይ ከዒላማው ውጭ ነው። ሕጉ ክብደቱን ከ10 ፓውንድ፣ ማለትም ከአራት ኪሎ ተኩል አካባቢ እንዳያልፍ ያዛል። ከተኳሾቹ አንዳንዶቹ በደረታቸው ተኝተው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እግራቸውን ወደ ዒላማው ዘርግተው ይተኩሱ ነበር። ሥዕሉን ብታዩት ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልክ የሚነካካ ሰው ነው የሚመስለው።

አየርላንዶቹ የመጡት በአፈሙዝ በሚጎርስ ሪግቢ ጠመንጃ ነው። ሠሪው ጆን ሪግቢ ራሱ ከቡድኑ ነበር። የዚያን ጊዜው ሊቃውንት እምነት “በኋላ የሚጎርስ ለጦርነት ይሻላል፤ ለዒላማ ግን በአፈሙዝ የሚጎርስን የሚያክል የለም” የሚል ነበር።

ቀኑ እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1874 ነው። በየቡድኑ ስድስት ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሰው በየርቀቱ 15 ጥይት። መሐሉን የመታ አራት ነጥብ ያገኛል። ያ መሐል በጎኑ 90 ሴንቲ ሜትር ግድም የሆነ አራት ማዕዘን ነው። በ800 ያርድ አሜሪካኖቹ 326 ለ317 መሩ። በ900 ያርድ አየርላንዶቹ 312 ለ310 በለጡ። በ1,000 ያርድም አየርላንዶቹ እየበለጡ መጡ፤ 302 አስቆጥረው ጨረሱ። ድምራቸው 931 ሆነ። አሜሪካኖቹ ጋ አንድ ተኳሽና አንዲት ጥይት ቀረች። ውጤታቸው 930 ነው።

ተኳሹ ኮሎኔል ጆን ቦዲን ነበሩ። ከመተኮሳቸው በፊት የያዙት የዝንጅብል መጠጥ ጠርሙስ እጃቸው ላይ ፈንድቶ ቆርጧቸው ነበር። ደም የሚፈሰውን እጃቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ተኙ። በሺህ የሚቆጠር ተመልካች ትንፋሹን ዋጠ። ከሳቱ ተሸነፉ። ተኮሱ። አንድ... ሁለት... ሦስት... መሐሉን! 934 ለ931።

ኳስ የሚወድ ሰው የዚህን ስሜት ያውቀዋል፤ በ90ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ማለት ነው። ግን ጋዜጦቹ ያጋነኑት ድል ውስጥ አንድ ሌላ ነገር አለ። ሚልነር የተባለው የአየርላንዱ ተኳሽ አንዷን ጥይት መሐል አግብቶ ነበር፤ ችግሩ የመታው የሌላ ሰው ዒላማ ነው። ዜሮ ተሰጠው። እስቲ ደምሩት፦ ያቺ አራት ነጥብ ብትያዝ አየርላንድ 935፣ አሜሪካ 934። “በኋላ የሚጎርስ አሸነፈ” ተብሎ የዓለም ጠመንጃ ሠሪ ሁሉ አቅጣጫውን የቀየረበት ቀን የተወሰነው በዚህች ስሕተት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሩቁ ርቀት ላይማ የአሮጌው ጠመንጃ ልጆች ናቸው የበለጡት።

ሰብሳቢዎቹ የሚፈልጉት እንግዲህ የዚህን ቀን ልጆች ነው። “ሬሚንግተን ክሪድሙር” የሚባለው ጠመንጃ የተሠራው በጥቂት ቁጥር ነው። ወንድሙ ግን፣ የጦሩ ሬሚንግተን፣ በመቶ ሺዎች ዓለምን ዞረ። አሁን እሱን እንከተለው።

የግብጹ ኬዲቭ እስማኤል ሠራዊቱን ዘመናዊ ማድረግ ፈለገ። ሬሚንግተንን በብዛት አዘዘ፤ ካሊበሩ 11.43 ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተዋግተው ሥራ የፈቱ መኮንኖችንም ቀጠረ። ከዚያ ወደ እኛ አገር አዘመተ። ህዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም ጉንደት ላይ በዴንማርካዊው ኮሎኔል አረንድሩፕ የተመራው ጦር በአጼ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ፤ አረንድሩፕም እዚያው ቀረ። ግብጽ ሌላ ትልቅ ጦር ላከች። አዛዡ ራቲብ ፓሻ፣ የጦሩ ዋና ኤታማዦር ሹም ደግሞ አሜሪካዊው ጄኔራል ሎሪንግ ነበሩ። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ 1868 ጉራ ላይ ተገናኙ።

ልብ በሉ፤ ከክሪድሙር እስከ ጉራ አንድ ዓመት ተኩል እንኳ አልሞላም። በአንደኛው ሜዳ ላይ አሜሪካዊ ተኝቶ በሬሚንግተን የብረት ሰሌዳ ይመታል። በሌላኛው ሜዳ ላይ የአሜሪካ መኮንኖች የሚያማክሩት ጦር ያንኑ መዝጊያ እያንከባለለ የገበሬ ልጆችን ይጠብቃል። የእኛ ሰው አብዛኛው የያዘው ጦርና ጋሻ፣ ጎራዴ፣ እዚህም እዚያም አሮጌ ጠመንጃ ነው።

ታዲያ በ1,000 ያርድ የሚመታው ብረት ለምን አላዳናቸውም? ዒላማ ሜዳ ላይ ሰሌዳው ቆሞ ይጠብቃችኋል። ርቀቱ ተለክቷል፤ ነፋሱን የሚያሳይ ባንዲራ ተተክሏል። ጉራ ላይ ዒላማው ኮረብታውን ተከልሎ፣ በጎን ዞሮ፣ እየሮጠ ነው የሚመጣው። ወታደሩ የያዘው ማነጣጠሪያ ደግሞ የሄፕበርን ቁጥር ያለበት ሳይሆን ተራ የጦር ማነጣጠሪያ ነው። አንድ ጎራሽ የያዘ ሰው ባለጋራው አጠገቡ ከደረሰ ሁለተኛ ጥይት የማጉረሻ ጊዜ የለውም። ከምሽግ የወጣው የግብጽ ጦር ሜዳው ላይ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ምሽጉን ለመስበር የተደረገው ሙከራ ግን የእኛንም ሰው ብዙ አስከፍሏል፤ ከግንብ ኋላ ያለ ሬሚንግተን ሌላ ነገር ነው። ድሉን ብቻ እየዘፈንን ይህንን የምንዘለው ነገር አይገባኝም።

የሆነው ሆኖ፣ ከሁለቱ ጦርነቶች በሺህ የሚቆጠሩ ሬሚንግተኖች ተማረኩ። ከአሥር ዓመት በኋላ በራስ አሉላ ወታደሮች ትከሻ ላይ የምናገኛቸው እነዚህኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ጣሊያንን ሲመቱ እነዚህ ጠመንጃዎች ሥራ ላይ ነበሩ።

ወደ አሜሪካ እንመለስ፤ የሰብሳቢነቱ ጣጣ ያለው እዚያ ነው። ከክሪድሙር በኋላ የዒላማ ፍቅር አበደ። በተለይ ጀርመናውያን ስደተኞች “ሹትዘን” የሚባሉ የተኩስ ማኅበራት ነበሯቸው፤ እሑድ እሑድ ቤተሰብ ይዘው፣ ቢራና ሙዚቃ ባለበት፣ ቆመው በ200 ያርድ ይተኩሳሉ። የጠመንጃዎቹ ቅርጽ ደግሞ ጉድ ነው። ሰደፉ ትከሻ ላይ እንደ ቀንድ የሚያቅፍ፣ ጉንጭ የሚደገፍበት የተቀረጸ፣ ሥሩ ላይ የመዳፍ መያዣ የተንጠለጠለለት። ፋብሪካዎቹ ባላርድ፣ ስቲቨንስ፣ ዊንቸስተር ናቸው። የዊንቸስተሩ 1885 የሚባለው፣ ኦግደን ዩታ የሚኖር ጆን ብራውኒንግ የተባለ የጠመንጃ ሠሪ ልጅ የፈጠረው ነው። ዊንቸስተር መብቱን በ1883 በ8,000 ዶላር ገዛው። ብራውኒንግ በኋላ በዓለም ላይ ስሙን ያልሰማ ወታደር የለም።

የሹትዘን ሰዎች እንደ ቅዱስ የሚያዩት ግን ፋብሪካ ሳይሆን አንድ ሰው ነው፤ ሃሪ ፖፕ። ፖፕ በዋናነት የሚሠራው በርሜል ነበር። ውስጡ ስምንት ጠመዝማዛ ቦይ አለው። አጎራረሱ የጉድ ነው፤ ባሩድ ያለበትን ቀለህ ከኋላ፣ እርሳሱን አረር ደግሞ ከአፈሙዙ በኩል። ምክንያቱም አረሩ ከኋላ ሲገባ ተረከዙ በጥቂቱ ከተበላሸ አቅጣጫው ይጠፋል ብለው ነው። በ1901 ቻርልስ ሮውላንድ የሚባል የኮሎራዶ ሰው በፖፕ በርሜል፣ በ200 ያርድ፣ አሥር ጥይት ተኮሰ። የአሥሩ ቀዳዳ ስፋት ከመሐል እስከ መሐል 0.725 ኢንች፣ ማለትም ከሁለት ሴንቲ ሜትር በታች ነበር። 183 ሜትር ርቀት ላይ አሥር ጥይት አንዲት የብር ሳንቲም ውስጥ እንደ ማስገባት ነው። በጥቁር ባሩድ ዘመን ልጅ፣ ኮምፒዩተር በሌለበት!

ፖፕ ዕድለ ቢስም ነበር። ኑሮውን ጠቅልሎ ሳንፍራንሲስኮ ሄደና ወርክሾፕ ከፈተ፤ ወዲያውኑ የ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ደረሰ፤ ሁሉም ወደመ። ተመልሶ ጀርሲ ሲቲ ውስጥ እስከ እርጅናው ሠራ። ደንበኛ ቢቸኩል ግድ አይሰጠውም ነበር፤ ሲያልቅ ያልቃል፣ ካልተመቸህ ሌላ ጋ ሂድ ነው። የሹትዘን ማኅበራቱን የገደላቸው ደግሞ አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጀርመን ጀርመን የሚሸት ነገር ሁሉ አሜሪካ ውስጥ ሲጠላ በራቸው ተዘጋ። ጠመንጃዎቹ ጣሪያ ሥር ተጣሉ፤ ብዙዎቹ በርሜላቸው እየተቆረጠ የፍልፈል መተኮሻ ሆኑ። ጥቂት ወዳጆቻቸው ተሰብስበው የአሜሪካ ነጠላ ጥይት ጠመንጃ ማኅበርን ያቋቋሙት በ1948 ነው፤ እስከ ዛሬ አለ፤ አባላቱ ይሰበስቧቸዋል ብቻ ሳይሆን ይተኩሱባቸዋል።

ሰብሳቢ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ሲያነሣ ምን ያያል? እኛ ብንሆን መጀመሪያ የምናየው ማማሩን ነው። እሱ ግን በጣም የሚያብለጨልጨውን ይፈራዋል። አሮጌ ብረት በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ እንጨቱ በቫርኒሽ ካበራ፣ ለእሱ ተገደለ ማለት ነው። የሚፈልገው ፋብሪካው በአጥንትና በከሰል አቃጥሎ ያወጣውን ሰማያዊና ቡናማ ዥጉርጉር ቀለም ነው፤ ቢደበዝዝም የራሱ ይሁን። ቁጥሮቹ ይገጣጠማሉ? ማነጣጠሪያው ከጠመንጃው ጋር የተወለደ ነው ወይስ ኋላ የተጨመረ? ከተራ ጠመንጃ ላይ ተነሥቶ “ክሪድሙር” የተደረገ እንዳይሆን ብሎኖቹን ሳይቀር ይመረምራል፤ አጭበርባሪ በዚህም ንግድ አይጠፋም። ዊንቸስተር ከሆነ ደግሞ ዋዮሚንግ ኮዲ ከተማ ባለው የጠመንጃ ሙዚየም የፋብሪካው የድሮ መዝገብ አለ። ቁጥሩን ትልኩና ይህ ጠመንጃ መቼ ተመዘገበ፣ በምን በርሜል፣ መቼ ከመጋዘን ወጣ የሚል ደብዳቤ ይጻፍላችኋል። ያ ደብዳቤ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። አንዲት ወረቀት! ከብረቱ ይልቅ የብረቱ ታሪክ ነው ዋጋ የሚያወጣው ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ሌላኛውን ወንድም እንጠይቅ። እኛ አገር ጠመንጃ ስም ይወጣለታል። እንግሊዙ ስናይደር “ሰናድር” ሆነ። የፈረንሳዩ “ፉዚ ግራ” በባላገር አንደበት “ውጅግራ” ተባለ፤ እሱም አንድ ጎራሽ ነው፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ የ1874 ሞዴል። ጥይቱ ደግሞ ጥይት ብቻ አልነበረም። እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በአንዳንድ ገበያዎች የዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ይሠራ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ገበያ ላይ ዶሮ የሚገዛላችሁን ገንዘብ ነው ወደ ዒላማ የምትለቁት። “አንድ ጥይት አያባክንም” የሚባለው ምስጋና ከየት እንደመጣ ይሄ ያስረዳል። ክሪድሙር ላይ አንድ ጥይት አራት ነጥብ ነው፤ እዚህ የቤት ራት ነበር።

ባለፉት ዓመታት ታዲያ ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢ ሲሸጡ ቆይተዋል። ሬሚንግተን አለ፣ ማርቲኒ ሄንሪ አለ፣ ውጅግራ አለ፣ ሌላም ሌላም። ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር፣ የግዛት ሕግ ካልከለከለ በቀር እንደ ማንኛውም ዕቃ በስልክ አዝዞ ቤት ድረስ ማስመጣት ይቻላል። ሜሪላንድ ቁጭ ያለ የአገራችን ልጅ የቅድመ አያቱን ጠመንጃ እንደ ጫማ ኦርደር ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው።

ሰብሳቢዎቹ ዕቃቸውን ከፍተው ሲያሳዩ አይቻለሁ፤ ቪዲዮው ሞልቷል። የተሰነጠቀው ሰደፍ በጠፍርና በሽቦ ታስሯል። የጎደለው እንጨት በአገር እንጨት ተተክቷል። የአንበሳ ማኅተም ያረፈባቸው አሉ። ፈረንጆቹ ይደነቃሉ፤ “ይሄ ጠመንጃ ስንት አይቷል!” ይላሉ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ይጎድላል። የማን ነበር? የት ተማረከ? ማን አወረሰው? ምንም። የኮዲው ደብዳቤ ዓይነት ነገር የለውም። ጉራ ላይ የተማረከ ሬሚንግተን ከሌላ ቦታ በንግድ ከመጣ ሬሚንግተን በምን ይለያል? በጽሑፍና በቃል ምስክር ብቻ። ያ ከሌለ ሁለቱም ያው የዛገ ብረት ናቸው፤ ዋጋቸውም ያው ነው።

እኔን የሚያበሳጨኝ ጠመንጃው መሸጡ ብቻ አይደለም። አንድ አገር ለመቶ ውጅግራ መቶ ሙዚየም ሊሠራ አይችልም፤ ይገባኛል። ከመሸጡ በፊት ቁጥሩን፣ ማኅተሙን፣ የመጣበትን ግምጃ ቤት ጽፎ፣ ፎቶ አንሥቶ ማስቀረት ግን ስንት ብር ይፈጃል? ስልክ ያለው አንድ ወጣት በቀን መቶውን ይጨርሰዋል።

የቀረውም ቢሆን ጥቂት አይደለም። ገጠር ያላችሁ፣ ወይም አያት ቤት የምትሄዱ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ነገር ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ፤ አያቴ ወይም እማማ ብላችሁ በወጉ። ለመተኮስ እንዳትሞክሩ፤ መቶ ዓመት የቆየ ብረት ሊፈነዳ ይችላል። አሮጌም ቢሆን ጠመንጃ ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቅርስ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል። እንዳታሹት፣ ቫርኒሽ እንዳትቀቡት፤ የአያታችሁ እጅ ያለሰለሰውን እንጨት ብርጭቆ ወረቀት አይመልሰውም።

ከዚያ ስልካችሁን አውጡ። ሬሚንግተን ከሆነ ከመዶሻው ኋላ ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ የፋብሪካው ስምና “ኢሊዮን፣ ኒውዮርክ” የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩም የፓተንት ቀኖች በላቲን ፊደል ታገኛላችሁ፤ ግብጽን ዞሮ የመጣ ከሆነ የአረብኛ ቁጥር ሊኖርበት ይችላል። ያ የኢሊዮን ፋብሪካ ራሱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ታሪክ ይዞ በ2024 ተዘግቷል። ውጅግራ ከሆነ ጎኑ ላይ “ሴንት ኤትየን” ወይም ሌላ የፈረንሳይ ፋብሪካ ስምና 1874 የሚል ቁጥር ይኖራል። ፎቶ አንሡት። ቀጥሎ ድምፅ መቅጃውን ክፈቱና ጠመንጃውን ሳይሆን ሰውየውን ቅዱ፦ ከማን ወረሱት፣ እሳቸውስ ከማን፣ ስም ነበረው ወይ፣ የት የት ዋለ። ቀኑን፣ ቀበሌውንና የተናገሩትን ሰው ሙሉ ስም መጨረሻው ላይ ተናግራችሁ ዝጉት።